ጋሼ መኩሪያ ስክሪቨነር የሆኑ ጊዜ

በእኛ ጊዜማ ሰውን የሚወልደው ወረቀት ነበር፣ እናት ብቻዋን አትበቃም። እናንተ አሁን ስልካችሁን ነካ ነካ ታደርጉና ሁሉን ታገኛላችሁ፣ ያኔ ግን፣ በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ማለቴ ነው፣ እኛ ከሱዳን ኦክላንድ ስንገባ፣ ነገሩ ሁሉ መቼ ተወለድሽ፣ የት ተወለድሽ፣ ማን ጻፈልሽ ነበር። እና አንድ ቀን ወረቀት ተነሥቶ፣ ዘነበች፣ ልጅሽ ልጅሽ አይደለችም አለኝ። አትሳቁ፣ ገና ነው፣ መሳቂያው ወደ ኋላ ይመጣል።

ሰናይትን እኅቴ ጋ ገዳሪፍ ትቼ ነው የመጣሁት። ወድጄ አይደለም፣ የእኔ ስም ቀድሞ ወጣ፣ ልጅሽ ተከትላ ትመጣለች አሉኝ፣ አመንኩ። ስፖንሰር ያደረገኝ ቢሮ ሳን ሆዜ ነበር፣ እኔ ደግሞ አላሜዳ የአረጋውያን ቤት አልጋ አነጥፋለሁ፣ ታዲያ አፖይንትመንት ሲሰጡኝ ከሺፍቴ ላይ ግማሽ ቀን ለምኜ፣ አውቶቡስ ቀያይሬ ሄድኩ። ጉዳዬን የያዘችው ሊንዳ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፣ ደግ ልጅ፣ ክፉ ቃል አይወጣትም። የእኔንና የሰናይትን ፎርም ጎን ለጎን አስቀመጠች፣ ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ ይቺን ልጅ ስትወልጃት ስንት ዓመትሽ ነበር አለችኝ። ሃያ አንድ አልኳት።

«ወረቀቱ አምስት ነው የሚለው።»

«ምኑ ነው አምስት?»

«አምስት ዓመትሽ ነበር፣ ዜኒ» አለች፣ ዘነበች ማለት አቅቷት ነው።

እኔ እንግዲህ የዚያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሰናይት ደግሞ ዐሥራ አምስት። በወረቀቱ ግን እኔ ሃያ ስምንት፣ እሷ ሃያ ሦስት። አያችሁ ጉዱን፣ እኔ ትንሽ ሆንኩ፣ ልጄ አዋቂ ሆነች። ሊንዳ ስታስረዳኝ፣ አንደኛ በአምስት ዓመቷ የወለደች ሴት የለችም፣ ሁለተኛ ሃያ ሦስት የሞላት ሰው በእናት ፋይል አይመጣም፣ ምናልባት እኅትሽ ትሆን እንዴ፣ እኅት ብለን ብንሞክርስ አለችኝ፣ ልትረዳኝ ብላ ነው። እኔ ልጄን እኅቴ ብዬ አላስመጣም አልኳት። ደግሞስ እኅቴ ከሆነች እናታችን ማን ልትሆን ነው፣ እናቴ ሰናይት ሳትወለድ ነው ያረፈችው፣ ሙት ልታስወልዱ ነው ወይ። ሊንዳ ይህንንም ጻፈችው፣ ምን እንደምታደርግበት እግዜር ይወቅ።

እና ፋይሉ የሚዘጋበት ቀን ነበረው። ከዚያ በፊት ማስተካከያ ካልመጣ ሰናይት ከአዋቂዎቹ ወረፋ ትገባለች፣ እሱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። እኅቴ በበኩሏ ጅዳ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ልጅቱ ገዳሪፍ ብቻዋን ናት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው እኮ።

አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ ስምንት ዓመት ግድም ወደ ኋላ ነው፣ እናንተ እዚህ የተወለዳችሁትም ይህን አታጡትም፣ ስለዚህ ፎርም ሲሞላ የእኛን ዘመን ወስዶ ስምንት መደመር ነው። ቆጠርኩ፣ በእኔ ላይ ዐሥራ ስድስት ተደምሯል፣ በእሷ ላይ ምንም። ስምንቷ እኔ ላይ ተደርባለች። የጻፈውን ሰው ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ጋሼ መኩሪያ ናቸው።

ጋሼ መኩሪያ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፣ ራፖር ጸሐፊ የምንላቸው። ካርቱምም የስደተኛውን ሁሉ ፎርም ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሞሉ ነበር። ሲኮሩበት ደግሞ ለጉድ ነው፣ በሃያ ዓመት አንዲት ፊደል አልሰረዝኩም፣ አንድ ባለጉዳይ በእኔ ስሕተት ከዳኛ ፊት አልተመለሰም ይላሉ፣ ይህን ሳይሉ ሰላምታም አይሰጡ። ኦክላንድ ሲመጡ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ አገኙ፣ መውጫው ላይ ያለችው የመስታወት ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ታዲያ ሐበሻው ሁሉ ይሄድባቸዋል፣ ለቤት አከራይ፣ ለመንግሥት ዕርዳታው ለዌልፌር፣ ለትምህርት ቤት ደብዳቤ ሊያስጽፍ፣ መኪና ሳይኖረው መኪና መውጫው ላይ በእግሩ ይሰለፋል። እሳቸውም ሥርዓት ወዳድ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ የመኪናውን ቲኬት ቆርጠው ይሰጣሉ፣ ወረፋ እንዳይምታታ፣ እና ጉዳዩ ሲያልቅ መኪና የሚያግደውን እንጨት ከፍ አድርገው ያሳልፉታል፣ ሰውየው በጎን መሄድ ሲችል። አንድ ቀን የማቆሚያው ባለቤት መጥቶ እኔን አየኝና፣ የዚች ሴት መኪና የት አለ ብሎ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም ሳይስቁ፣ እሷ በእግሯ ነው የቆመችው አሉት። ፈረንጁ ቲኬቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄደ።

እና እኔ ወደ ማን ልሂድ፣ ወደ እሳቸው ነው እንጂ። ግን ስሕተቱ የእርስዎ ነው ማለት አቃተኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ አገር የለ፣ ዘመድ የለ፣ የቀረቻቸው ያቺ ያልሰረዟት ፊደል ናት። እመቤቴ፣ አንቺው ንገሪልኝ ብዬ፣ ወረቀቱን በመስኮቱ አቀበልኳቸው። አነበቡት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ወረቀት አይሳሳትም፣ መንግሥት ነው ያልገባው አሉኝ።

የመጀመሪያው ማመልከቻ አራት ገጽ ነበር። በእንግሊዝኛ ጽፈው ለእኔ በአማርኛ አነበቡልኝ። ሣራ በዘጠና ዓመቷ ይስሐቅን መውለዷን ክቡር መሥሪያ ቤትዎ አይክድም፣ ለአሮጊት የተቻለው አምላክ ለሕፃን ቢቻለው ምን ያስደንቃል ይላል። ጋሼ፣ እኔ እኮ በሃያ አንድ ዓመቴ ነው የወለድኩት ብላቸው፣ እሱንማ አውቃለሁ፣ ግን የተጻፈውን መካድ አንችልም አሉኝ። ወሰድኩት። ሊንዳ አራቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበች፣ ከዚያ በቀስታ፣ ዜኒ፣ ይህ ለእኛ ይከብደናል አለችኝ።

ሁለተኛው ባሰ። ጥፋቱ የፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር ነው፣ ስምንት ዓመት ከየት አምጥታችሁ እንደጨመራችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት አቆጣጠሩን ቢያስተካክል የወይዘሮ ዘነበችም ጉዳይ አብሮ ይስተካከላል፣ ብለው ጻፉ። ወሰድኩት፣ ምን ላድርግ። ሊንዳ፣ ይህን የሚወስነው የእኛ ቢሮ አይደለም አለች፣ እና ቀን መቁጠሪያዋን ወደ እኔ አዙራ በእስክሪብቶ አሳየችኝ፣ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶኛል።

ታዲያ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሄድኩ። ጋሼ መኩሪያ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት ሽፋኑ የወለቀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለ፣ ትራስ የሚያህል፣ በቀን አንድ ገጽ ያነባሉ፣ ከኤ ጀምረው ኤስ ደርሰዋል። ስደርስ ፊታቸው በርቶ አገኘኋቸው። የፈረንጆቹ ቢሮዎች ሥራዬን ሲጠይቁኝ አንዴ ክለርክ፣ አንዴ ታይፒስት እያሉ ሲጽፉብኝ፣ ለካ የእኔ ስም እዚህ ተቀምጧል አሉና ያነቡልኝ ጀመር።

«ስክሪቨነር» አሉ። ጥንት ነው፣ ሕዝቡ ፊደል በማይቆጥርበት ዘመን፣ እንግሊዝ አገር ለሰው የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፣ ደብዳቤ፣ ኑዛዜ፣ ውል፣ ሁሉን። ቃሉ ከላቲን ነው የወጣው፣ መጻፍ ከሚለው፣ ከዚያ ፈረንሳይ ገባ፣ ከፈረንሳይ እንግሊዝ ተሻገረ፣ እንግሊዞችም እንዳለ አልተዉትም፣ ጅራት ቀጠሉለት። ለንደን ላይ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፣ ዝም ብሎ የሚገባበት የለም። «ዘነበች፣ እኔ እኮ ነኝ» አሉኝ፣ እንባ ቀረሽ ሆነው፣ «እነዚህ ሰዎች ስም ነበራቸው።»

ከዚያ ወረድ ብለው አነበቡ። ሥራውን ጠበቆች ወሰዱት፣ የቀረውን ማሽኑ ጨረሰው፣ ቃሉም አብሮ ሞተ፣ ዛሬ ከሰው አፍ አይሰማም፣ አንድ ቦታ ብቻ ተረፈ፣ የሕግ ሰዎች ዘንድ። ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። የስክሪቨነር ስሕተት ይላል፣ ጸሐፊው ሲጽፍ ሲገለብጥ የሚያመጣው ስሕተት፣ ባለጉዳዩ አይጠየቅበትም፣ ወረቀቱ ይታረማል።

ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አላነሡም። ከኋላዬ መኪና ቆሞ ክላክስ ይነፋል፣ እሳቸው አይሰሙም።

«ያን ሁሉ ዘመን በደህና የጻፉት ሁሉ የት ሄደ?» አሉ። «የቀረላቸው ስሕተታቸው ብቻ ነው?»

አሁን ሁለት መኪና ነው የሚነፋው። ጋሼ መኩሪያ መጽሐፉን ከደኑትና በመስኮቱ አዩኝ።

«ካርቱም የእናንተን ፎርም የሞላሁ ቀን፣ ሁለት ሰዎች በወረፋ ተጣልተው ላስታርቅ የተነሣሁ ጊዜ፣ እኔ ምን ላይ ነበርኩ?»

«የእኔን ስምንት ደምረው ነበር፣ ጋሼ።»

«ስመለስስ?»

«ስምንት ደመሩ። ለእኔ።»

«የልጅቱንስ?»

«የልጅቱን ረሱት።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ከሳን ሆዜ ስመለስ፣ አውቶቡስ ላይ።»

«እና ሁለት ማመልከቻ ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነው» አልኳቸው።

ልጆቼ፣ የእሳቸውን ፊት እዚያ ላይ ባያችሁት። እንጨቱን አነሡት፣ መኪኖቹን ሁሉ በነፃ ለቀቋቸው፣ እና ወረቀት አወጡ። የጻፉት ሦስት መስመር ነው፣ እሳቸው ለእግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ ገጽ የሚፈጁት ሰውዬ። እኔ መኩሪያ፣ ስክሪቨነር፣ ለልጅቱ የሚገባውን ስምንት ዓመት በእናትየዋ ላይ ደርቤአለሁ። እናትየዋ ጥፋት የለባትም። ስሕተቱ የጸሐፊው ነው። ፈረሙ። አሁንም አንዲት ፊደል አልሰረዙም።

ሰኞ ዕለት አብረን ሄድን፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ መዝገበ ቃላቱን እንደ ሕፃን ታቅፈው። ሊንዳ አነበበችና ቃሉ አልገባትም፣ አለቃዋን ጠራች፣ ነጭ ፀጉር ያለው ጠበቃ ነው። ቆሞ አነበበ፣ ተቀምጦ አነበበ፣ እንደገና ተነሣ።

«ጸሐፊው የት ነው ያለው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ መኩሪያ፣ ራሱን ለፍርድ እንደሚያቀርብ ሰው።

«ጌታዬ» አላቸው፣ «ዕድሜ ልኬን የስክሪቨነር ስሕተት ሳርም ኖሬአለሁ፣ ስክሪቨነር ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

እና እጃቸውን ጨብጦ አልለቅ አለ። እኔ ሊያስሩን ነው ብዬ እመቤቴን እየጠራሁ፣ እሱ ከየክፍሉ ሰው ይጠራል፣ ኑ እዩ እያለ፣ ስልክ የሚመልሰው ስልኩን ጥሎ፣ አንዷ ሳንድዊቿን እንደያዘች፣ ሁሉም ግድግዳውን ይዘው ቆመው ጋሼ መኩሪያን እንደ ታቦት ያያሉ። አንዱ፣ እስቲ የሆነ ነገር ይጻፉልን አለ። ጋሼም ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ ስማችሁን ንገሩኝ አሉና የእያንዳንዱን ስም በአማርኛ አሳምረው ጻፉላቸው፣ እነሱም ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። የእኔ ጉዳይ ተረስቶ ነበር። እኔም ትንሽ ጠብቄ፣ ሊንዳ፣ ልጄስ አልኳት፣ እሷም ደንግጣ ማስተካከያውን ታይፕ አደረገች፣ ጠበቃው ፈረመበት፣ ማኅተም አረፈበት። ስትሰጠኝ፣ በይ አሁን ሠላሳ ስድስት ነሽ፣ አዝናለሁ አለችኝ። እኔ እጇን ሳምኩ።

ጋሼ መኩሪያ ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት አልሰረዝኩም ማለታቸውን ተዉ። የመስታወት ቤታቸው ላይ በካርቶን ጽፈው ለጠፉ፣ ስክሪቨነር ብለው፣ ከሥሩ ደግሞ፣ የራሳችንንም ስሕተት እናርማለን። ስንት ሰው ካርቱም የሞሉለትን ፎርም ይዞ መጣ መሰላችሁ። አንዱ ዲያቆን ከአባቱ ቀድሞ ተወልዶ ተገኘ። ሁሉንም አረሙ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ሰናይት በበጋው ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ጣቢያ ወረደች፣ ቁመቷ በልጦኝ። ያቺ ናት እንግዲህ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጣ የምትስቀው። እኔ ከዚያ በኋላ ያየሁት፣ እዚህ አገር ሴቱ ሁሉ ዕድሜውን ሲያሳንስ ነው፣ ፀጉር በመቀባት፣ ፊት በማሸት። እጇን ዘርግታ፣ እባካችሁ ስምንት ዓመት አስረጁኝ ብላ ቢሮ ለቢሮ የለመነች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስምንት ዓመት ከእሷ ላይ አንሥቼ ተሸከምኩ፣ ምንም አልከበደኝ።

«አሁንም አልከበደሽ ከሆነ» አለች ሰናይት፣ «እማዬ፣ እኔ ሃምሳ አምስት ሞልቶኛል፣ ሌላ ስምንት ብታነሽልኝ አልጠላም።»