ከጎረቤት የመጣ አፍንጫ

ትዕግሥትን ላገባ ስል፣ ሰባት ቤት ዘሬን እንድቆጥር ኮሶዬ በምትባለው መንደር ወዳለው የአባቷ ቤት ከወላጆቼ ጋር ተጠራሁ። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ስሞቹን ደጋግሜ አጥንቼ ነበር የሄድኩት። ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ ግን አጎቷ አያ ተሰማ ትኩር ብለው አዩኝና «ምነው ይህ አፍንጫ የእኛ መሰለኝ?» አሉ።  እኔ ስደነግጥ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረውን የቋንቋ ጥናት እዘረግፋለሁ።

«አያ ተሰማ፣ መመሳሰል ዝምድና አይደለም። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ረጅሙን ነገር በወንድ፣ አጭርና ድቡልቡሉን በሴት ጾታ የሚጠሩ ቋንቋዎች አሉ። በዚህ ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይባሉም፤ ጎረቤት ሆነው ተዋውሰው ሊሆን ይችላል» አልኩ።

አያ ተሰማ ጥቂት አሰቡና ወደ እናቴ ዞሩ። «እሜቴ፣ ልጅዎ አፍንጫዬ ከጎረቤት ነው የመጣው እያለን ነው!»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ቁጠር!» አለኝ።

ቆጠርኩ፤ ዝምድና አልተገኘም። አሁን ወንድ ልጅ ወልደናል። አፍንጫውን ሁለቱም ወገን የእኛ ነው ይላል። እኔ አስተያየት መስጠት ትቻለሁ።