ወይዘሮ ትርንጎ አላምረው እና የቦዩ አፍ አሸዋ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይህን ያህል ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም፣ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን ማውጣት የጀመርሁት ዘንድሮ ነው፣ እባካችሁ ታገሡኝ። ራሔል አስፋው እባላለሁ፤ የሟች የወንድማቸው ልጅ ነኝ፣ ቤታቸው ተቀምጬ እማራለሁ። ይህን እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። ታመው ሳሉ “አሳምረሽ ብቻ እንዳትጽፊ፣ ያጠፋሁትንም ጻፊው” ብለውኛል።

ወይዘሮ ትርንጎ ከአባታቸው ከአቶ አላምረው ሞላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ከፈለች ይመር በ1962 ዓ.ም ከሮቢት ወረድ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ተወለዱ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ እርሻ ለመመለስ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ወንዙ ላይ አፈር፣ ድንጋይና የእሾህ ቅርንጫፍ ሲከምር፣ እርሳቸውም በልጅ አቅማቸው ድንጋይ ያቀብሉ ነበር። ጎርፉ ከክምሩ ሲደርስ ረገብ ይልና በቦዩ አፍ ወደ ማሽላው ይወጣል፤ ሲረግብም ከክምሩ ኋላ አፈር የሌለበት ንጹሕ አሸዋ አስተኝቶ ይሄዳል። የመንደሩ ልጆች የሚንከባለሉት እዚያ ላይ ነበር።

ትምህርታቸውን በቆቦ ተከታትለው፣ ደሴ ሄደው በግዢና በንብረት አያያዝ ዲፕሎማ ይዘው ተመለሱና በ1984 ዓ.ም እዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ሠራተኛ ሆኑ። በ1987 ዓ.ም ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ከመጡት ከመምህር እሸቴ ጋር ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን ፍሬዓለምን ወለዱ። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለእህል መጋዘን ሲሚንቶውንም ድንጋዩንም አሸዋውንም የሚገዙት እርሳቸው ነበሩ። ለአንድ ሕንፃ የተገዛ የባሕር ዛፍ አጠና ሥራው ሲያልቅ ለማገዶ እንዲሄድ አይፈቅዱም፤ ምስማሩን አስነቅለው ለሚቀጥለው ሕንፃ ያስቀምጡታል። ዘበኛው “ወይዘሮ ትርንጎ ዘንድ አጠና እንኳ ጡረታ አይወጣም” እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

አሁን ጻፊው ወዳሉኝ ልምጣ። በ2008 ዓ.ም አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ሲሠራ የሚመጣው አሸዋ ሁሉ አፈር እየበዛበት ይመለስ ነበር። ሥራው ቆመ፣ አለቆች ተቆጡ። እርሳቸውም “እኔ ንጹሑ የሚተኛበትን አውቃለሁ” ብለው ከሾፌሩ ጎን ገቡና መኪናውን መርተው ልጅ ሆነው የተንከባለሉበት ቦታ ወሰዱት። አሸዋው ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አንድም መኪና አልተመለሰም። በጋውን ሙሉ ሲጫን ከረመ። ትምህርት ቤቱ አለቀና ተመሰገኑ።

ክረምቱ ገባ። የወንዙ ወለል በሰው ቁመት ያህል ወርዶ ኖሮ ጎርፉ መጣና ከቦዩ አፍ በታች፣ ሰው እያየው፣ አልፎ ሄደ። ገበሬው ቢከምር ቢከምር ውኃው አልወጣለት አለ። የዚያ ቦይ ማሽላ በሙሉ ደረቀ፤ የታናሽ ወንድማቸው የአባቴም አብሮ። አባቴ ቢሯቸው ድረስ ሄደው፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ ሳይቀመጡ፣ “እታለም፣ ትምህርት ቤቱንስ አሳመርሽው፤ ልጆቻችን ምን በልተው ይማሩበት?” አሏቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ለዓመት በዓል እንኳ ቤታቸውን አልረገጡም።

እቴቴ፣ እኔ የምጠራቸው እንዲህ ነው፣ “አላወቅሁም ነበር” ብለው አያውቁም። “የማውቀው ነገር ነው ያሳሳተኝ” ነበር የሚሉት።

ወደ ውኃ አባታችን ወደ ሐጅ ሰላሁዲን ሄዱ፤ ውኃው ለማን መቼ እንደሚደርስ የሚዳኙት እርሳቸው ናቸው፣ ዛሬም እዚህ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ሐጁ አልተቆጧቸውም፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ከመጨረሻው ቦይ በታች ድረስ አወረዷቸውና “ከዚህ ውሰዱ ልጄ፣ ከጉልበት በላይ ግን እንዳትቆፍሩ፤ ከጉልበት ያላለፈውን አላህ ካለ የከርሞ ጎርፍ ይሞላዋል” አሏቸው። እቴቴም ይህንኑ ቃል ጨረታው ሰነድ ውስጥ አስገቡት፤ አሸዋ የሚያቀርብ ሁሉ የሚቆፍርበትን ቦታ አስቀድሞ ይናገራል፣ ቦታውንም የውኃ አባት ያየዋል።

የአሸዋው መንገድ ረዘመና ነገር ተነሣ። ኮንትራክተሩ አቶ ቻላቸው ስብሰባ ላይ ተነሥተው “አሸዋ አሸዋ ነው፤ መታወቂያ አለው እንዴ?” ቢሉ፣ እቴቴ ቀበል አድርገው “አዎ አለው፤ አባቱም ሐጅ ሰላሁዲን ይባላሉ” አሏቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን ዋጋ አስከፈላቸው፤ ሥራ ታጓትታለች ተብለው ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀመጡ። አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሮቢት እየወረዱ ወንዙ ዳር ይቆሙና ወለሉ ምን ያህል እንደተሞላ አይተው ይመለሱ ነበር። አባቴ ከማሳቸው ሆነው ያዩዋቸዋል፤ አይጠሯቸውም።

ጦርነቱ አልፎ የፈረሰው ሁሉ እንደገና ሲሠራ ወደ ቦታቸው መለሷቸው። መጋዘኑ ቢዘረፍም ያ አሮጌ አጠና የተወሰነው ተርፎ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የቆሙት በእርሱ ነው። የአሸዋው ደንብም እንደተጻፈ ቀጠለ፤ ቢለምኗቸውም ቢያስፈራሯቸውም ፊርማቸውን ከደንቡ ላይ አላነሡም።

በ2015 ዓ.ም ክረምት ጎርፉ ወጣ። ከስንት ዓመት በኋላ በቦዩ አፍ ገብቶ ማሳችንን አጠጣው። አባቴም መስከረም ሲጠባ ልብሴን በፌስታል ቋጥረው በሚኒባስ ቆቦ አመጡኝና የእቴቴን በር አንኳኩተው “ልጅቷን አስተምሪልኝ” አሏቸው። ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው አለቀሱ፤ እኔ ፌስታሌን እንደያዝሁ ነበርሁ።

ወይዘሮ ትርንጎ በስኳር ሕመም ምክንያት ኩላሊታቸው ታውኮ በወልድያና በደሴ ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ከቀትር በኋላ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን መምህር እሸቴን፣ ልጃቸውን ፍሬዓለምን፣ ወንድማቸውን አቶ አስፋውን፣ እኔንም ትተውናል። ድሮ ክምሩ ላይ ድንጋይ ያቀበሉትን የእቴቴን ነፍስ እግዚአብሔር ውኃ ከማይጎድልበት አገር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ አሜን።

ዛሬ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁትን ተናግሬ ልቀመጥ። ፊቴን ሳልታጠብ ደጅ የመኪና ድምፅ ሰማሁ፤ ለመቃብሩ ግንብ የመጣ አሸዋ ነው። ወጥቼ በእጄ ዘገንሁት፤ በጣም ንጹሕ ነበር። ሾፌሩን ከየት እንደጫነው ብጠይቀው “ከቦዩ አፍ ነው እህቴ፣ ለእሳቸው ብለን ምርጡን” አለኝ።  ትልልቆቹ “ተይ ልጄ፣ የልቅሶ ቀን ነው፤ አንድ መኪና ወንዝ አያጎድልም” አሉኝ። እኔ ግን ጎማው ፊት ቆምሁና “ካነሣህበት መልሰህ ድፋው” አልሁት። አባቴ ከሾፌሩ ጎን ገብተው ጉድጓዱን ሊያስደፍኑት ሄዱ። ሌላው አሸዋ ከታች፣ ሐጁ ካሳዩት ቦታ፣ እስኪመጣ ቀብሩ ዘገየ፤ ፀሐይ ላይ ያቆየኋችሁ እኔ ነኝና ይቅርታ አድርጉልኝ።