የሰብለ ማር

ሚዛን ከተማ ውስጥ ለአንድ አማርኛ ለለመደ ጣሊያናዊ የቡና ባለሙያ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ፒፕል» የሚለውን ቃል እንደ ነጠላ እየቆጠረ ስንት ጊዜ አደከመኝ መሰላችሁ። አንድ ቀን ወጣቷ ባልደረባዬ ሰብለ በር ላይ ሆና ሰማችውና፣ «እናንተም እንደኛ ‹ሕዝቡ መጣ› ነው የምትሉት፤ እንግሊዝ ግን ‹መጡ› ነው የሚለው» አለችው። ሳቀ፤ ዳግመኛም አልተሳሳተም። እኔን ቅናት አንገበገበኝ። «እሷም ታስተምረኝ» ሲለኝ፣ «ጊዜ የላትም» አልኩት። ተማሪ ፈልጊልኝ ብላ የለመነችኝን ልጅ።

ትናንት ጣሊያናዊው ከሸኮ ወረዳ ማር ይዞላት መጣና በእኔ እጅ ላከላት። ሰብለ ጀሪካኑን እንደተቀበለች፣ «እትዬ፣ ስለ እኔ ጥሩ ነገር ነግረሽው ነዋ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ግማሹንም ቀዳችልኝ። ልጆቼ ዳቦ ይዘው ሲከቡኝ፣ «አትንኩት፤ የሰው ነው» አልኳቸው።