በጋቢ የተጠቀለለችው

ለንደን ውስጥ፣ ከቶተንሃም ወደ ካሌዶኒያን ሮድ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ ጠና ያሉ ሴትዮና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል። ወጣቷ ስልኳ ላይ የአንዲት ሕፃን የዜና ፎቶ እያሳየቻቸው ነው።

«የት ተገኘች?»

«ፓርክ በር ላይ፣ እትዬ። ደግነቱ በሕይወት አለች። እናቷ በጋቢ ጠቅልላ ነው የተወቻት።»

«በጋቢ? የኛ ሰው ናታ! ምን ዓይነት አረመኔ ናት?»

«አረመኔ ብትሆን ጋቢ ታለብሳት ነበር?»

«ታዲያ አራስ ልጅ ሜዳ ላይ ይጣላል?»

«የት ትውሰዳት? አሜሪካ እኮ ሕግ አለ። ፋየር ስቴሽን ሄዳ ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሰጥታ ትመለሳለች፤ ማን ነሽ የሚላት የለም። እዚህ ግን ወንጀል ነው፤ ይኸው ፖሊስ ካሜራ ቼክ እያደረገ ነው።»

«ሶሻል ወርከር አለ አይደል? ሄዳ አታናግርም?»

«በምን ቋንቋ? አስተርጓሚ ይጠሩላታል። አስተርጓሚዋ ደግሞ የእርስዎ ማኅበር አባል ናት!»

«ብትሆንስ? ምስጢር ትጠብቃለች።»

«ኧረ እትዬ! እሷው ያስተረጎመችላትን የዚያችን ልጅ ፍቺ ማን ነገረዎት? ኪልበርን ሰፈር ድረስ ነው የተሰማው!»

ሴትዮዋ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄን ጥለት የማውቀው ይመስለኛል። ያቺ ቤተክርስቲያን ወፈር ብላ ያየኋት ልጅ... የማን ልጅ ነበረች?»

«ይኸው! ይኸው እኮ ነው የምልዎት! ስልኬን ይስጡኝ!»

እኔም ጋቢ የሚለውን ስሰማ የአንዲት ልጅ ስም በልቤ መጥቶ ነበርና፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።