ደቦ የማይጠራለት ሥራ

ኦቦ ደቻሳ አምቦ መናኸሪያ ከሚኒባስ ሲወርዱ፣ ዘጠኝ ወጣቶች ላፕቶፕ የያዘ ቦርሳቸውን አንግተው ተከተሏቸው። ከጣሪያው ላይ ደግሞ አንድ ጆንያ ቆሎና ሁለት ጀሪካን ጠላ ወረደ። ባጃጅ ስትጠብቅ የነበረችው ሃዋኒ ይህን አይታ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ደቻሳ! ሠርግ አለ እንዴ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ። ሠርግ አይደለም፤ ደቦ ነው። እግዜር መንገድ ላይ አገናኘን እንጂ ቢሮሽ ድረስ ልመጣልሽ ነበር።»

ኦቦ ደቻሳ በጌዶ አቅራቢያ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ባለፈው ዓመት ማዳበሪያ ሲታደል ስም በወረቀት ተመዝግቦ፣ ወረቀቱ ተደበላልቆ፣ ሰው በመጋዘኑ ደጅ ሦስት ቀን ተሰልፎ ነበር። ባሏን በሞት ያጣችው ወይዘሮ ቢፍቱ «ስምሽ የለም» ተብላ ባዶ እጇን ተመለሰች። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ኦቦ ደቻሳ ብድግ ብለው፣ «ዘንድሮ ስም በኮምፒውተር ይጠራል፤ አንድ ሰው ቢቀር ከወንበሬ እወርዳለሁ» አሉ። የኮምፒውተሩን ፕሮግራም እንዲሠሩም አምቦ ቢሮ ለከፈቱት ለሃዋኒና ለሦስት ጓደኞቿ ሥራውን ሰጡ። አሁን እደላው ሊጀመር አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ፕሮግራሙ ግን አላለቀም።

«እነዚህ ሁሉ ኮምፒውተር የተማሩ ናቸው» አሉ ወጣቶቹን እያሳዩ። «አራት ሰው በአሥራ ሁለት ቀን የማይጨርሰውን አሥራ ሦስት ሰው በአራት ቀን ይጨርሰዋል። እኔ የማውቀው ሒሳብ ይኸው ነው።»

«ለጤፍ አጨዳ ልክ ነው፣ ኦቦ። አጫጅ የራሱን ትልም ይዞ ይሄዳል። የእኛ ሥራ ግን እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሦስት ሽማግሌዎች የአንድን ባልና ሚስት ጠብ ሦስት ቀን ሰምተዋል እንበል። ሊያስታርቁ ሲሉ ዘጠኝ አዲስ ሽማግሌ ቢጨመር እርቁ ይፈጥናል?»

«ኧረ ነገሩ ከመነሻው ሊተረክላቸው ነው!» አሉ ኦቦ ደቻሳ። ወዲያው ግን ከንፈራቸውን ነከሱ። «ምላስሽ ስለት ነው። ሽማግሌ ያወራል፤ እነዚህ ግን ይሠራሉ።»

ሰው የሚያውቀውን ሥራ መለኪያ አድርጎ የማያውቀውን ቢመዝን አይፈረድበትም። ሃዋኒም ታላቅን መንገድ ላይ መርታት ነውር መሰላት። «እንግዲያው እስከ ምሳ ይሞከር» አለች።

ለአራት ሰው የምትጠበው የእነ ሃዋኒ ቢሮ አሥራ አራት ሰው ዋጠች። ዘጠኙ በቅንነት ጀመሩ፤ ችግሩም ቅንነታቸው ነበር። አንዱ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል፤ መልሱ ሳያልቅ ሌላው ይጠይቃል። ከሃዋኒ ጓደኞች አንዷ ዶርቃስ እስከ ስድስት ሰዓት አንድ መስመር አልጻፈችም። «ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ዛሬ መምህር ሆኜ ዋልኩ» አለች። ከእንግዶቹ ሁለቱ ደግሞ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ በየፊናቸው አስተካከሉ። ሌላው ጓደኛዋ ሰይፈዲን የገበሬዎቹን ዝርዝር ቢከፍት የሁለት መቶውም አባወራ ስም «ጅሩ» ሆኗል።

«ኦቦ ደቻሳ፣ የዘንድሮውን ማዳበሪያ በሙሉ ጅሩ ወሰደው!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኦቦ ደቻሳ መጀመሪያ ደነገጡ፤ የጠዋቱ ቅጂ ተቀምጦ እንዳለ ሲነገራቸው ግን እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እሺ፣ ተረታሁ» አሉ ቆሎ እየዘገኑ። «ሰው በመጨመር አይፈጥንም። ታዲያ እናንተ አራታችሁ ለምን ዘገያችሁ?»

«እኔ እንጃ፣ በየቀኑ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም ደርሷል ይሉኛል» አለች ሃዋኒ።

ኦቦ ደቻሳ ጠዋቱን ሙሉ ዝም ብለው አልተቀመጡም ነበር። ከአራቱ አንዱ፣ ኡርጂ የሚባለው ልጅ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ከአንድ ገጽ ሳይነቃነቅ መዋሉን አይተዋል። ስሙን ግን አልጠሩም።

«በጉብዝናዬ ወራት ደቦ ወጥቼ ማጭዴ ዶለዶመብኝ» አሉ። «መናገር አፍሬ፣ እሞርዳለሁ እያልኩ ኋላ ቀረሁ። ጎኔ የነበረው ሰው ምንም ሳይል ተመልሶ የትልሜን ግማሽ አጨደልኝ። ቢስቅብኝ ኖሮ ዳግመኛ ደቦ አልወጣም ነበር።»

ኡርጂ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ያቃተው እኔ ነኝ። አምስት ቀኔ ነው። ባል ሲሞት መሬቱ በእሱም በሚስቱም ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ፕሮግራሙ ወይ ሁለቴ ይሰጣል፣ ወይ ሁለቱንም ይከለክላል። የሟቹን ስም ላጥፋው አልኩና እጄ እምቢ አለኝ።»

«አታጥፋው፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ደቻሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛ የምናድለው በሰው ቁጥር አይደለም፤ በመሬት ደብተር ነው። ደብተሩ አንድ ነው። የእሱ ስም በቦታው ይቆይ፤ እሷ ከሥሩ ትጻፍና ተቀባይ ትሁን።»

«በቃ? ይኸው ነው?» ኡርጂ ራሱን ያዘ።

«ለአንድ ጥያቄ አምስት ቀን!» አለ ሰይፈዲን።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ሃዋኒ። «ደረሰ ወይ እላለሁ እንጂ ምን ያዘህ ብዬ አላውቅም። ደረሰ ወይ የተባለ ሰው ከደረሰ በቀር ምን ይመልሳል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አራቱ በየማለዳው ለሩብ ሰዓት ቆመው ይነጋገሩ ጀመር፤ ምን ጨረስኩ፣ ምን አስቸገረኝ ይባባላሉ። አስቸጋሪውን ክፍል ሁለት ሁለት ሆነው ባንድ ኮምፒውተር ይሠሩታል። ኦቦ ደቻሳም በስልክ ጭምር ከቡድኑ እንደ አንዱ ሆኑ። ዘጠኙን ሃዋኒ አላሰናበተቻቸውም። ወደ ጌዶ ተመልሰው ፕሮግራሙን ከገበሬው ጋር እየሞከሩ የተበላሸውን እንዲጽፉ አደረገች፤ ለዘጠኝ ሰው ተከፋፍሎ የሚሠራው ሥራ እሱ ነበርና።

የእደላው ቀን ኡርጂ እኅቱን ሊድር አዲስ ዓለም ሄዶ ነበር። ረፋዱ ላይ ኮምፒውተሩ የሚጠራው ዝርዝር በድንገት ቆመ። ኦቦ ደቻሳ ላብ በላብ ሆኑ። ዶርቃስ ግን ከኡርጂ ጋር አብራ ስለሠራች የተበላሸውን ቦታ ታውቀው ነበር፤ ሰልፈኛው ሳያጉረመርም ዝርዝሩን አስነሳችው። ወይዘሮ ቢፍቱ ከዝርዝሩ ላይ፣ ከባሏ ስም ሥር፣ ስሟ ሲነበብ ሰማች፤ ፈረመች፤ ድርሻዋን በአህያዋ ጭና ከቀትር በፊት ቤቷ ገባች።

የጎረቤት ማኅበር ሊቀ መንበር ኦቦ ዲንሳ ሊያዩ መጥተው ነበር።

«ስንት ሰው ሠራው?»

«አራት።»

«አራት ብቻ? እንግዲያው እኔ ሃያ ቀጥሬ በሳምንት አስጨርሳለሁ!»

«ዲንሳ፣ ሃያ ሰው ስትሰበስብ ሃያ ሰው ነው ያለህ፤ ቡድን አይደለም። ጥቂት ሰው ፈልግ። በየማለዳው ይተያዩ። ያቃተው አቃተኝ ይበል፤ ያለውም አይሳቅበት። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ይወቀው፤ አንዱ ሠርግ ቢሄድ ሥራው አይቆምም። አንተም አዝዘህ አትጥፋ፤ ስለ ገበሬ ካንተ ሌላ ማንን ይጠይቃሉ? ይህን ስታደርግ ሥራው ይፈጥናል፣ ስሕተቱ ይቀንሳል፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸው ይውላሉ።»

ኦቦ ዲንሳ ሊከራከሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከመጋዘኑ ድምፅ መጣ፦ «ደቻሳ ፈይሳ!»

የዝርዝሩ የመጨረሻ ሰው ኦቦ ደቻሳ ነበሩ፤ ከእሳቸው በፊት የቀረ ሰው የለም። ባለፈው ዓመት ሦስት ቀን የፈጀው እደላ ሲያልቅ ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው።

«ቆየኝ፣ ተራዬ ነው» ብለው ኦቦ ደቻሳ እንደ ጎረምሳ እየሮጡ ሄዱ።