የጋሼ ኤርቪን የግብር ቅጽና ያልተሞላችው መስመር

የምን «የግብር ወሬ ይቅርብን» ነው ሐጂ? በሽኝት ቀን ስለ ግብር አይወራም ያለው ማነው? ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ብረት በምንጠርብበት ቶርኖ ቤት ውስጥ ከግብር ሌላ ምን ወሬ ነበር? ማይኩን አንዴ ሰጥታችሁኛል፣ አልመልስም። ደግሞ እዚህ ካለው ሰው መናገር የሚችል ከኔ ከባህረዲን ሌላ ማን አለ?

ጋሼ ኤርቪን፣ እርስዎ ይቀመጡ። ዛሬ ከሥራ እየሸኘንዎት ነው። ካገር ጭምር ይሁን አይሁን ግን እስካሁን አናውቅም፤ የጀርመን ግብር ቅጽዎ ላይ አንዲት መስመር ባዶ ናት። እሷ እስክትሞላ አልለቅዎትም።

መጀመሪያ የመጡበትን ቀን ልናገር። ያኔ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አልነበርኩም፤ ግን ከነበሩት በላይ አውቀዋለሁ። ደርግ በወደቀ በዓመቱ አንድ ረጅም ፈረንጅ በዚህ በር እገባለሁ ሲል ግንባሩን ከላይኛው ብረት ጋር አጋጨው። የቤቱ ባለቤት ሐጂ ጠይብ ደንበኛ መስሏቸው ወንበር ጠረጉ።

«ምን እንሥራልዎት ጌታዬ?»

«ሥራ ፈልጌ ነው» አሉ ጋሼ፣ ደማቸውን እየጠረጉ።

«ምን ዓይነት ሥራ? መኪናዎ ነው የተበላሸው?»

«መኪና የለኝም። እኔ ልሥራ።»

ሐጂ በሳቅ ሊሞቱ! እዚህ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ፈረንጅ ይገዛል፣ ፎቶ ያነሳል እንጂ መቼ ተቀጥሮ ያውቃል? «ታዲያ አገርህ አትገባም?» ቢሏቸው «አገሬ የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው! የመጡት ከምሥራቅ ጀርመን ነው፣ የደርግን ጭነት መኪና ሊጠግኑ። እዚህ እትዬ እታለምን አግብተው ቁጭ ባሉበት ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑና የሳቸውኛዋ ከካርታ ላይ ወጣች። ሐጂም «አገሩ የጠፋበትን ሰው እንዴት ብዬ እመልሳለሁ?» ብለው ቀጠሯቸው። ይቺ ግንባራቸው ላይ ያለችው ጠባሳ የቅጥር ደብዳቤያቸው ናት።

ጸባያቸውን መቼም የቀመሰ ያውቀዋል። አንድ ሰዓት ከሩብ ይገባሉ። አንድ ሰዓት ከሃያ ከገባህ ሰላምታህን አይመልሱም። የብረት ዘንግ ጠርበህ ስትሰጣቸው ካሊብሮዋን ያወጣሉ፣ ይለካሉ፣ ከዚያ ያለ አንድ ቃል ቁርጥራጭ ክምሩ ላይ ይወረውሩታል።

«ጋሼ፣ ፀጉር ታህል ናት እኮ የሳተችው!»

«የማን ፀጉር? ያንተ ነው የኔ?»

እሳቸው ደግሞ መላጣ ናቸው! ምን ብለህ ትከራከራለህ?

ዘንድሮ ከጀርመን ግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ጀርመኖቹ ጡረታ ይከፍሏቸዋል፤ አሁን ደግሞ «ውጭ አገር ብትኖርም ጡረታህ ገቢ ነው፣ የገቢ ግብር ቅጽ ሞልተህ ላክ» አሏቸው። አያችሁልኝ? አገራቸው ጠፋች፣ ግብሯ ግን አልጠፋም!

እኛ ደግሞ የመርካቶ ልጆች ነን፣ በግብር ማን ይችለናል? የቀን ገቢ ገማቾች የመጡ ቀን ምን እንደምንሆን ታውቃላችሁ። ሐጂ፣ ጆሮዎን ይድፈኑ። ሦስቱ ማሽን ሸራ ይለብሳል፣ ግማሹ ሠራተኛ ወደ አብነት ሻይ ሊጠጣ ይላካል፣ ሐጂም ያቺን ብብቷ የተቀደደ ካፖርት ለብሰው ማሳል ይጀምራሉ። እኔም በዚሁ ሙያዬ ጋሼን ላድናቸው ተነሳሁ። ቀበሌ ሄድኩ፣ ሦስት ምስክር አቆምኩ፣ «አቶ ኤርቪን ረዳት የሌላቸው የደሃ ደሃ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» የሚል ወረቀት ከነማህተሙ ይዤ መጣሁ። በግማሽ ቀን! ሌላው ወር ይመላለስበታል።

ጋሼ አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ማነው ይሄ ደሃ?»

«እርስዎ ነዎታ።»

«ጡረታውን የሚከፍለኝ ማነው?»

«እነሱ።»

«ታዲያ ስንት እንደሚከፍሉኝ አያውቁም?»

ለካ እዚያ ገማች የሚባል ነገር የለም። የሰጠህ ራሱ ነው ስንት አገኘህ ብሎ የሚጠይቅህ። እያወቀ! ይሄ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም።

«በካሊብሮ የማትዋሽ ልጅ በእስክሪብቶ ለምን ትዋሻለህ?» አሉኝና ወረቀቷን ቀደው ያው ቁርጥራጭ ክምሩ ላይ ጣሏት። እንደ ዘንግ!

ከዚያ ዓይናቸው ስለደከመ እሳቸው በመነጽር ላይ መነጽር ደርበው እያነበቡ፣ እኔ እየጻፍኩ ሞላነው። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁት ሰውዬ የጀርመን መንግሥት ቅጽ ሞላሁ! አንድ ቁጥር አልሳትኩም። ነጥብ ያለው ቁጥር ማን አስተማረኝ? ትምህርት ቤት እንዳትሉኝ።

ጋሼ፣ አሁን ቀልድ የለም። የገባሁ ዓመት አንዷን ዘንግ ዘጠኝ ጊዜ አስደገሙኝ። በዘጠነኛው ከጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ዛሬ ሰማችሁ። መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ዳቦዎን ለሁለት ገምሰው ትልቁን ሰጡኝ። አሥረኛዋ ልክ መጣች። ዛሬ ከዚህ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዘንግ የተሰበረበት ሁሉ «ባህረዲን የታለ?» ነው የሚለው። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው፤ ግን ጉራዬን ሞርደው ልኩን ያስያዙት እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ።

አሁን ወደዚያች መስመር። «ቋሚ መኖሪያህ የት ነው?» ትላለች። እህትዎ እዚያ ክፍል አሰናድታ «ና» እያለች ትደውላለች። እዚህ ብለው ከጻፉ ደግሞ የኛ አገር ግብር ቢሮ ማህተም ያስፈልጋል። እሱን በሁለት ቀን አስመትቼዋለሁ! ጸሐፊዋ «ለማስቀነስ ነው?» ስትለኝ «አይ፣ ለሌላ መንግሥት ሊከፍሉ ነው» ብላት ሥራዋን አቁማ ጓደኞቿን ጠራች፣ እንዲያዩኝ። ቅጹ ነገ ፖስታ ቤት ካልገባ ቀኑ ያልፋል። እትዬ እታለም ሻንጣውን ከቁም ሳጥን ላይ አውርደው መሀል ቤት አቁመውታል። «ልሙላው ወይስ ልመልሰው?» እያሉ እስከ ዛሬ ይጠይቁዎታል። እኛም የእርስዎን ማሽን ለሰው እንስጠው ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ይሰድቡናል?

በሉ ሁላችሁም ለስላሳችሁን ከፍ! ሐጂ ቤት ቢራ የለም፣ ሚሪንዳም ይመርቃል። ጋሼ፣ ዓይንዎ ይበርታ፣ ጉልበትዎ አይክዳዎት፣ ጡረታዎ ሳይዘገይ ይግባ፣ ከእትዬ እታለም ጋር ያስረጅዎት። የትም ይሁን!

ማንም እንዳይጠጣ! እስክሪብቶው ይኸው፣ ቅጹ ይኸው። ጋሼ፣ እዚህ ነው እዚያ? አንድ ቃል ነው፣ አሁኑኑ ይመልሱ! ክንዳችን ዛለ እኮ!