አባቴ ላይብረሪ ውስጥ ጥብቅና የቆሙ ቀን

አባቴ ሲያትል ከመጡ ሦስት ወር ቢሆናቸውም ከቤት አልወጣ ብለው አስቸገሩኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ያለ ላይብረሪ የድሮ ፊልም በነጻ ያሳያል ሲባል ሰምቼ እንደ ምንም ይዣቸው ሄድኩ። ፊልሙ በአሜሪካ የደቡብ ግዛቶች ከተጻፈ ልብ ወለድ የተሠራ ነው። አንድ ጥቁር ገበሬ በቅሎ ሰርቀሃል ተብሎ በሐሰት ይከሰሳል። እኔ በጆሯቸው እየተረጎምኩላቸው ሳለ፣ ችሎት ላይ አንድ ምስክር «ጀርባውን አይቻለሁ፣ እሱ ነው» አለ። ሠላሳ ዓመት በጥብቅና የኖሩት አባቴ ብድግ አሉና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መስቀለኛ ጥያቄ አለኝ! ፊቱን ሳያይ እንዴት አወቀው?» ብለው በአማርኛ ጮኹ።

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አባባ፣ ይቀመጡ፤ ፊልም እኮ ነው!» ብዬ ኮታቸውን ጎተትኩ። «ቢሆንስ? ሰው እየተበደለ ዝም ይባላል?» አሉኝ። ከኋላችን የተቀመጡ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ትከሻዬን ነካ አድርገው አባቴ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። እየፈራሁ ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ ከልባቸው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ። «ይህን ፊልም ሚሲሲፒ ውስጥ ልጅ ሳለሁ አይቼዋለሁ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ነጮቹ ታች ሲቀመጡ፣ እኛን ጥቁሮቹን ለይተው ሰገነት ላይ ነበር የሚያስቀምጡን። ሁላችንም ይህንኑ ማለት ፈልገን ነበር፤ ትንፍሽ ያለ ግን አልነበረም» አሉኝ። ከዚያ እሳቸውም ተነሡና ወደ ሸራው እየጠቆሙ «በል መልስላቸው!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁለቱን በሩ ላይ አገኘኋቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ በአማርኛ አንዷ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ላስተረጉምላቸው ጠጋ ስል አባቴ በእጃቸው ገታ አደረጉኝ።

«ተይን እስቲ ልጄ፤ ተግባብተናል።»